ደብረ ብርሃን ላይ ካውንስሊንግ ለመጀመር ለምታስቡ፦ የ4 ወር ልምዴ ከነዋጋው

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ምጽፈው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ደብረ ብርሃን ውስጥ በግል የሥነ ልቦና ምክር፣ ያው ካውንስሊንግ ምንለውን፣ ስከታተል ስለቆየሁ ነው። ከመጀመሬ በፊት እዛ ስትገባ ምን እንደሚጠብቅህ የሚነግረኝ አንድ ሰው ፈልጌ አጣሁ፣ ሁሉም ሰው የሰማውን እንጂ የሞከረ የለም፣ ወይም ሞክሮም አያወራም። ሾፌር ነኝ። አይሱዙ ነው ምነዳው፣ ከሸዋሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ጭኜ ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ እወጣለሁ፣ ስመለስ ደሞ ያገኘሁትን ጭኜ እወርዳለሁ። የቢሮውን ስም አልጽፍም፣ ምክንያቱም ምወቅሳቸውም ነገር አለኝ፣ ከተማዋ ደሞ ትንሽ ናት።

ለምን እንደሄድኩ ካልነገርኳችሁ ሌላው አይገባችሁም። ባለፈው ሐምሌ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ፣ ያ ጣሊያን በወረራው ጊዜ የሰራው፣ ጉሙ እስከ ውስጥ ገብቶ ነበር እና አንድ የጭነት መኪና መብራት ሳያበራ ፊት ለፊቴ መጣ። ፍሬን ያዝኩ፣ እሱም ያዘ፣ ክንድ በማትሞላ ርቀት ተላለፍን። ማንም አልተጎዳም፣ መኪናውም አልተጫረም። ረዳቴ "እመቤቴ አወጣችን" ብሎ አማተበ፣ ደብረ ሲና ወርደን ቡና ጠጣን ቆሎ ገዛን ቀጠልን፣ አለቀ ብዬ ነበር። የጀመረኝ ከ2 ሳምንት በኋላ ነው። ዋሻው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ልቤ መደለቅ ይጀምራል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ አየር ያጥረኛል፣ መሪው በላቤ ይንሸራተትብኛል፣ አሁን ሞትኩ ነው ምለው። እየቆየ ማታ ተኝቼም ይመጣ ጀመር።

ልብ በሽታ ነው ብዬ ሆስፒታል ሄድኩ፣ ኢሲጂ ተነሳሁ፣ ደም ሰጠሁ፣ ልብህ ጤነኛ ነው አሉኝ። ፍልሰታን ጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ ገባሁ፣ ጠበል ተጠመቅኩ፣ እውነት ለመናገር እዛ እያለሁ እንቅልፍ አግኝቻለሁ፣ ልቤም አርፏል። ስመለስ ግን ዋሻው እዛው ነው። የንስሐ አባቴን ሳማክራቸው "ልጄ፣ ጠበሉን አትተው፣ ሐኪሙም ግን የእግዚአብሔር ነው፣ ሂድ" አሉኝ። እኔ ግን ሌላ መፍትሔ አገኘሁ ብዬ የሸዋሮቢት ጭነት መቀበል ተውኩ፣ በአዲስ አበባ መስመር ብቻ መስራት ጀመርኩ፣ ገቢዬ ወረደ፣ ለባለቤቴ ደሞ "ስራ ጠፋ" እላታለሁ። አንድ ቀን እምቢ ማልለው ሰው ጭነት ሰጠኝና ዋሻው ጋ ስደርስ አልቻልኩም፣ መሪውን ለረዳቴ ሰጠሁት። መንጃ ፈቃድ የለውም። 20 ዓመት እንኳን ያልሞላው ልጅ ጭነት ይዞ እኔ ጎኑ ዓይኔን ጨፍኜ ተሻገርን። ማታ ቤት ገብቼ ለሚስቴ ሁሉንም ነገርኳት።

አሁን ወደ አገልግሎቱ ልግባ።

መጀመሪያ የሄድኩት እዚህ አልነበረም፣ ሌላ ከተማ ሰው ጠቁሞኝ ነው። ሰውየው 1 ሰዓት ሙሉ ራሱ ነበር ሚያወራው፣ ከምን ተነስቶ የት እንደደረሰ፣ "አሸናፊ ነኝ በል" እያለ፣ ስለ ዋሻው የጠየቀኝ 1 ጥያቄ ነው። በመጨረሻ "በ1 ቀን ነቅዬ አወጣልሃለሁ" ብሎ የ5 ጊዜ ክፍያ በአንዴ እንድከፍል ጠየቀኝ። ወጣሁ፣ አልተመለስኩም። ሞቲቬሽን ንግግር ለሚወደው ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ሕክምና ግን አይደለም፣ እና ብዙ ሰው ሁለቱን እየቀላቀለ ገንዘቡንም ተስፋውንም ይጨርሳል፣ ይሄ ከልቤ ያሳዝነኛል። ከዛ በኋላ የተማርኩት ነገር ቢኖር ቀጠሮ ከመያዝ በፊት ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነው፦ ምንድነው የተማርከው፣ የሙያ ፈቃድ አለህ ወይ፣ እንደኔ አይነት ችግር ያለበት ሰው አይተህ ታውቃለህ ወይ፣ ስንት ነው፣ ብቀርስ ትቀጣኛለህ ወይ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቆጣም። የደብረ ብርሃኗ ባለሙያ ስደውልላት ራሷ አንስታ 10 ደቂቃ ያህል አወራችኝ፣ ሁሉንም በግልጽ መለሰችልኝ፣ እንደውም "የልብ ምርመራህን ወረቀት ይዘህ ና" አለችኝ። እዛው ላይ ነው ያመንኳት።

ዋጋው ለአንድ ሴሽን 600 ብር ነው፣ 50 ደቂቃ። ቀጠሮ ለመሰረዝ ከ24 ሰዓት በፊት ካልነገርክ ግማሹን ትከፍላለህ። ለሾፌር ይሄ ከባድ ነው፣ መንገድ ሲዘጋ እኔ ምን ላርግ፣ ነግሬያት ግን 1 ጊዜ አልፋልኛለች።

ቢሮው አንድ ህንጻ 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን ከባጃጅ ወርጄ ደረጃው ላይ ሰው እስኪጠፋ ተቃራኒ ካለው ሱቅ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ፣ ምክንያቱም ታፔላው "የሥነ ልቦና ሕክምና" ነው ሚለው፣ እኛ ጋ ደሞ ሰው አንዴ እንዲህ አይነት በር ሲገባ ካየህ "አማኑኤል ሊገባ ነው" ነው ሚባለው። መጠበቂያው ክፍል 4 ወንበር ነው ያለው፣ ገብቼ ቁጭ ስል አንድ ማውቀው ነጋዴ ፊት ለፊቴ። ሁለታችንም ደነገጥን። "ደህና ነህ?" "እግዚአብሔር ይመስገን" ተባባልን፣ ስልካችን ላይ አቀረቀርን። ከዛ በኋላ ገበያ ላይ 10 ጊዜ ተገናኝተናል፣ አንድም ቀን አላነሳነውም፣ ሰላምታው ግን ሞቅ ያለ ሆኗል። ለቢሮው ግን ይሄ ጥፋት ነው፣ በቀጠሮዎች መሃል 15 ደቂቃ ቢያስቀምጡ ደንበኛና ደንበኛ አይገናኝም ነበር።

የመጀመሪያው ሴሽን። እኔ የጠበቅኩት ምክር ነበር፣ ስሙስ ምክር አይደል። ምንም አልተመከርኩም። መጀመሪያ ፎርም ሞላሁ፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የምወስደው መድኃኒት፣ ቤተሰብ ውስጥ የአእምሮ ሕመም ነበረ ወይ፣ አደጋ ቢደርስ ማን ይጠራ ምናምን። ከዛ ስለ ሚስጥር አስረዳችኝ፣ እዚህ ጋ ጆሮዬ ቆመ ምክንያቱም ፍርሃቴ መንጃ ፈቃዴ ነበር። ምነግራት ሁሉ እዛው ይቀራል፣ ለሚስቴም ለአሰሪዬም አትናገርም፣ ከ2 ነገር በስተቀር፦ የራሴ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አሁን አደጋ ላይ ከሆነ፣ እና ህጻን ልጅ እየተጎዳ ከሆነ። "ፈርተሃል ብዬ መንጃ ፈቃድህን አላስቀማህም፣ ሰው ልትጎዳ ነው ብዬ ካሰብኩ ግን መጀመሪያ ለአንተ ነው ምነግርህ፣ ከጀርባህ አልሄድም" አለችኝ። የረዳቴን ነገር ነገርኳት። አልተቆጣችም፣ ግን እስክንጨርስ ድረስ እንደማይደገም ቃል አስገባችኝ፣ ሲመጣብኝ ዳር ይዤ አደጋ መብራት አብርቼ እንድቆም ተስማማን።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ከኔ በዕድሜ ታንሳለች፣ ስገባ "እርስዎ" ነበር ምትለኝ፣ ትንሽ ቆይታ "ምን ብዬ ብጠራዎት ይመችዎታል?" አለችኝ። "አንተ በይኝ እህቴ፣ አንቱ ስትዪኝ ውሸት ልናገር ነው ሚመስለኝ" አልኳት። ከዛ በኋላ ነው ምላሴ የተፈታው።

ከዛ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ጥያቄ። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ትዳር፣ ልጅነት፣ አረቄ ስንት ጊዜ፣ ጫት ትቅማለህ ወይ። ለእንቅልፍ ብዬ ማታ አረቄ፣ ለመንገድ ብዬ ቀን ጫት እንደነበረ ሳልደብቅ ነገርኳት። "ራስህን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል?" ብላ ፊት ለፊት ጠየቀችኝ፣ ደነገጥኩ፣ የለም አልኳት፣ የለምም። ሁሉንም ሰው እንደምትጠይቅ፣ መጠየቁ ደሞ ሐሳቡን ሰው ላይ እንደማያመጣ ነገረችኝ። ስለዚህ ስትጠየቁ አትደንግጡ፣ ካለባችሁም ንገሯት፣ እዛ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁት ለዛ ነው። በመጨረሻ 2 ወረቀት ሰጠችኝ፣ አንዱ የጭንቀት ነው ጋድ ሰቨን ይሉታል 7 ጥያቄ አለው፣ ሌላኛው የድብርት ነው ፒኤችኪው ናይን፣ 9 ጥያቄ። ላለፉት 2 ሳምንታት ምን ያህል አስቸገረህ ብሎ ይጠይቅና ከ0 እስከ 3 ትሞላለህ። የጭንቀቱ ከ21 ነው ሚታሰበው፣ 15 እና ከዛ በላይ ከባድ ሚባለው ነው፣ እኔ 16 አመጣሁ። ቁጥሩን ሳየው አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት ውሸት እንዳልሆነ ወረቀት ላይ ስላየሁት ይሆናል።

እና ወጣሁ፣ 600 ብር ከፍዬ፣ አንድም ምክር ሳይሰጠኝ። ተናድጄ ነበር። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ቀን ላይ ሚያቆመው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፣ ስለዚህ አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያው አንዳንዴም ሁለተኛው ቀን መስማትና መመዘን ነው።

ሌላ የከበደኝ ነገር "አይዞህ" አለመባሌ ነው። እኛ ሰው ሲከፋው አይዞህ እንላለን፣ ያልፋል እንላለን፣ እሷ ግን ዝም ብላ ታየኛለች። በ3ኛው ቀን አማረርኩባት። "አይዞህ ስትባል ምን ታደርጋለህ?" አለችኝ። አሰብኩ አሰብኩና "እሺ ብዬ ዝም እላለሁ" አልኳት። "እኔ ጋ ዝም እንድትል ስለማልፈልግ ነው" አለችኝ። ቤቴ ሄጄ ሌሊቱን ሙሉ ይሄ ነገር በአእምሮዬ ሲዞር አደረ፣ አባቴ ሲሞት ለስንት ሰው እሺ ብዬ ዝም እንዳልኩ ትዝ አለኝ።

ሕክምናው ሲቢቲ ሚባለው ነው፣ ጠይቄያት ስትነግረኝ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1960ዎቹ አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም የጀመረው መንገድ ነው፣ ሐሳብህን፣ የሰውነትህን ስሜትና ምታደርገውን አያይዞ ነው ሚያየው። 2ኛው ሴሽን ላይ በሰውነቴ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ አስረዳችኝ። ሰውነት አደጋ ሲመስለው አድሬናሊን ይለቃል፣ ልብ ይሮጣል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል። ትንፋሽ ከሚገባው በላይ ሲፈጥን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ውስጥ ይቀንሳል፣ የጣት መደንዘዙና ራስ ማዞሩ ከዛ ነው ሚመጣው፣ ከልብ አይደለም። ይሄ ሁሉ ስሜት አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ ይነካና ይወርዳል። ጫቱና ቡናው ደሞ ልብን በራሳቸው ያስሮጣሉ፣ ስለዚህ እኔ በባዶ ሆዴ ቅሜ ዋሻው ጋ ስደርስ ልቤ መጀመሪያውኑ ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው። በአንዴ አቁም አላለችኝም፣ በየሳምንቱ እየቀነስኩ አሁን ጫቱን ትቼዋለሁ፣ ቡና 1 ስኒ ነኝ። አረቄውንም አቁሜያለሁ።

ከዛ ያደረገችውን ብነግራችሁ አታምኑም። የልብ ምርመራዬን ወረቀት ድጋሚ አየችና "ና" ብላ 3ቱን ፎቅ ወርደን በሩጫ እንድወጣ አደረገችኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ከ2700 ሜትር በላይ ነው ምትባለው፣ 3 ፎቅ መሮጥ ቀላል አይደለም። ላይ ስደርስ ልቤ ይደልቃል፣ ትንፋሼ ይቆራረጣል፣ ልክ ዋሻው ውስጥ እንደሚሆነው። "አሁን ቁጭ በልና ምንም አታድርግ፣ አትቆጣጠረው፣ ዝም ብለህ እየው" አለችኝ። አየሁት። ልቤን አየሁት፣ ጣቴን አየሁት፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁት፣ በ6 ደቂቃ አካባቢ ሄደ። ያኔ ነው "ለካ ይሄ ነገር ራሱ ይሄዳል" ያልኩት። ያቺ 6 ደቂቃ ለብቻዋ 600 ብሩን ታወጣለች።

የቤት ሥራ አለው። ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር፣ ወሬ ብቻ መስሎኝ ነበር። ናፍጣና ኪሎ ሜትር ምመዘግብበት ደብተር ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፣ ፍርሃቴን ከ0 እስከ 100 ቁጥር ሰጥቼ ምጽፍበት። "45 ሊትር፣ ጭነት ሽንኩርት፣ ፍርሃት 70" አይነት። ከዛ መሰላል ሰራን፣ ከሚቀለው ወደሚከብደው። በስልክ የዋሻውን ቪዲዮ ማየት፣ ከዛ ተሳፋሪ ሆኖ ማለፍ፣ ከዛ ባዶ መኪና በጠራራ ፀሐይ መንጃ ፈቃድ ያለው ጓደኛ ጎኔ አስቀምጬ፣ ከዛ ከነጭነቱ፣ ከዛ በጉም፣ መጨረሻ ላይ በሌሊት ብቻዬን። ያንዱ ቁጥር ካልወረደ ወደ ሌላው አይኬድም። ትልቁ ሕግ ደሞ አለመሸሽ ነው፣ ምክንያቱም የአዲስ አበባን መስመር ብቻ መስራት በጀመርኩ ቁጥር ዋሻው በጭንቅላቴ ውስጥ እየረዘመ ነበር።

የተሳፋሪውን ቀን አልረሳውም። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሚኒባስ ጋቢና ገባሁ። ጣርማ በር አፋፍ ላይ ሾፌሩ መብራት ሲያበራ 85 ብዬ ጻፍኩ፣ እጄ ስለተንቀጠቀጠ 8ቷ 3 ነው ምትመስለው። ዓይንህን አትጨፍን ብላኛለች፣ አልጨፈንኩም። የዋሻውን ግድግዳ ውሃ ሲያንጠባጥብ አየሁት፣ ለስንት ዓመት ስመላለስበት አይቼው አላውቅም ነበር። ስንወጣ ቁልቁል ያለው ገደልና ሰማዩ አንድ ላይ ተከፈተ። ደብረ ሲና ወርጄ ቆሎ ገዛሁ፣ ወዲያው ወደ ላይ ሚወጣ መኪና ያዝኩ፣ ከዛ እንደገና ወረድኩ፣ በዛች ቀን 4 ጊዜ አለፍኩት። አራተኛው ላይ 40። ቆሎ ምትሸጠዋ ልጅ "ምን ጠፍቶብህ ነው?" አለችኝ።

ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ይሄንን ተዘጋጁበት። 4ኛውና 5ኛው ሳምንት ላይ ከበፊቱ ባሰብኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ ልተወው ነበር። ነገርኳት፣ እንደሚያጋጥም ነገረችኝ፣ የተሸሸውን ነገር ስትጋፈጠው መጀመሪያ ይጨምራል። የዛን ቀን ነው ሳላስበው ህዳር 2014 የተነሳው። ጦርነቱ ሸዋሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ በመኪናዬ ሰው ጭኜ ነበር ወደ ደብረ ብርሃን የወጣሁት፣ በዛው ዋሻ። አንዲት እናት ጋቢና አጠገቤ ተቀምጠው መንገዱን ሁሉ የቤታቸውን ቁልፍ ጨብጠው ነበር፣ ወርደው ሲሄዱም እጃቸውን አልከፈቱም። ይሄንን ለማንም አውርቼ አላውቅም፣ ምን አለው ብዬ። 50 ደቂቃው አልቆ እሷ ሰዓት አላየችም። ስለ መኪናው ብቻ ነበር የሄድኩት፣ ከዛ በኋላ 2 ሴሽን ሙሉ ስለዛ ነው ያወራነው።

ስለ መድኃኒት ለምትጠይቁ፣ ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም፣ ያ የሳይካትሪስት ማለትም የአእምሮ ሐኪም ሥራ ነው፣ በሳይካትሪ የሰለጠኑ ነርሶችም አሉ። ካስፈለገ ሪፈር እጽፍልሃለሁ ብላኝ ነበር፣ እኔ ሳያስፈልገኝ ቀረ፣ ላንዱ ግን ያስፈልገዋል፣ መውሰድ ነውር አይደለም። 600 ብር ለሚከብደው ደሞ የመንግስት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል በዋጋ በጣም ይሻላል፣ ወረፋው ግን ትዕግስት ይፈልጋል።

ጠበል አቁም የሚላችሁ ካለ ተጠንቀቁ፣ እሷ አንድም ቀን አላለችኝም፣ እንደውም ጻድቃኔ ማርያም እያለሁ ለምን እንቅልፍ እንደመጣልኝ በደንብ ጠይቃኛለች። ስለ ሌላ ደንበኛ የሚያወራላችሁ ካለም ተነሱና ውጡ፣ የእናንተንም ነገ ለሌላው ያወራዋል።

ወቀሳዬን ልጨርስ። ክፍሉ በጣም ይበርዳል፣ በታኅሣሥ ውርጭ ከነጃኬቴ ቁጭ ብዬ ነው ያወራሁት፣ አንድ ሂተር ስንት ነው። ሥር ያለው ሱቅ ሙዚቃ ይከፍታል፣ አንድ ቀን እያለቀስኩ ሰርግ ዘፈን ነበር ሚሰማው። 2 ጊዜ 20 ደቂቃ አስጠብቃኛለች፣ አንዱን ካሰችኝ ሌላውን አልካሰችኝም። ደረሰኝ ካልጠየቃችሁ አይሰጧችሁም። እሁድ አይሰሩም፣ ለሾፌርና ለነጋዴ እሁድ ነበር ሚመቸው። በነዚህ ምክንያት ከ5 4 ነው ምሰጠው፣ ባለሙያዋ ብቻዋን ብትሆን 5 ነበር።

እስካሁን 11 ሴሽን ሄጃለሁ፣ 8ቱ በየሳምንቱ፣ 3ቱ በየ2 ሳምንቱ፣ 6600 ብር ከባጃጅ ውጪ። ወረቀቱን ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ድጋሚ ሞላሁት፣ ከ16 ወደ 6 ወርዷል። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሐሙስ ከሸዋሮቢት ሽንኩርት ጭኜ ወጣሁ፣ ጣርማ በር ላይ ጉሙ ወርዶ ነበር፣ መብራቴን ዝቅ አድርጌ ቀስ ብዬ ገባሁ፣ ረዳቴ ጎኔ ዝም ብሏል። ወጥቼ ዳር ይዤ ደብተሬን አወጣሁ፣ 35 ብዬ ጻፍኩ። የቀረኝ የሌሊቱ ነው፣ ብቻዬን። ቀጣዩ ቀጠሮዬ የካቲት 12 ከሰዓት ነው፣ ከዛ በፊት ልሞክረው አስቤያለሁ።